ምድጃ ያላዩ ብሎኖች

የጊል መንገድ ብሎን ሠሪዎች ማኅበር ጃግዲሽ ቪርዲን ሊቀ መንበር አድርጎ መምረጡን ሐርባንስ ኮር የሰማችው በምትሠራበት የብረት መፈተሻ ቤት ውስጥ ሳለች ነው። አልጮኸችም። ማሽኑ የያዘውን ዘንግ እስኪበጥሰው ቆማ ጠበቀች፣ ውጤቱን ጻፈች፣ ጓንቷን አወለቀች፤ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ ግድግዳውን በጡጫ ነረተችው። እጇ አበጠ። እኔ ደግ አደረገች ባይ ነኝ። ግድግዳው ባይኖር የሆነ ሰው ጥርስ ይረግፍ ነበር።

ቪርዲ ባሏን ገድሎታል። ነገር ማለስለስ አላውቅበትምና እንዲሁ ብዬው ልለፍ። በእጁ አልነካውም፣ ቢላም አልመዘዘበትም፤ ግን ገድሎታል። ገድሎ ዝም ቢል እንኳ አንድ ነገር ነበር። በሞተ ሰው ላይ የሰካራም ስም ለጠፈበት።

ሰርዋን ሚዛን ሠሪ ነበር፤ እህል ነጋዴዎችና ቁርጥራጭ ብረት ሻጮች የሚጠቀሙባቸውን ትልልቅ ሚዛኖች ይሠራል። የትርዒት ወቅት ሲመጣ ደግሞ በየመንደሩ እየዞረ ትልቁን ተሽከርካሪ ዥዋዥዌ ይተክላል። ጨዋታ የሚወድ፣ ሲስቅ ከትከት የሚል ሰው ነበር። አጎቱ በመጠጥ ተቃጥሎ ሲሞት ስላየ የመጠጥ ሽታ እንኳ ያስጠላዋል፤ እሱ የሚጠጣው እርጎ ብቻ ነበር፣ እሱንም ከነጢሙ ነክሮ። በዚያ ዓመት የዥዋዥዌው ባለቤቶች አዲስና ጠንካራ ብሎን ካልገባበት አናስነሳውም አሉ። ትርዒቱ ከመብራት በዓሉ፣ ከዲዋሊ፣ ብዙም ሳይርቅ ስለነበር ሰርዋን ተጣድፎ ቪርዲ ዘንድ ሄደ። ቪርዲም ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አለሁልህ» አለው።

ጠንካራ ብሎን እንዴት እንደሚሠራ በዚህ ከተማ ሻይ አፍዪውም ያውቀዋል። አረብ ብረቱ ይጠነክራል፣ በአሲድ ይታጠባል፣ እንዳይዝግ ደግሞ ዚንክ ውስጥ ይነከራል። ችግሩ ብረቱ እዚያ ፈሳሽ ውስጥ ሳለ ሃይድሮጅን መጠጣቱ ነው። ለስላሳ ብረት ቢጠጣም ግድ የለውም፤ ሲጨንቀው ይለጠጣል እንጂ አይሰበርም። ጠንካራው ግን በጠነከረ ቁጥር ይህንን መቋቋም ያቅተዋል። ስለዚህ ከመንከሪያው እንደወጣ ሳይውል ሳያድር ምድጃ ይገባና ዳቦ በሚጋገርበት ሙቀት ብዙ ሰዓት ይቆያል፤ የጠጣውንም ይተፋል። ምድጃ ያልገባውን ዓይን አይለየውም። ብረት እየጎተተ በሚፈትነው መሳቢያ ማሽን ላይ ቢያደርጉት እንኳ ፈተናው ችኩል ስለሆነ እንደ ጤነኛው ይጎተታል። ጉዱ የሚታየው ጠበቅ አድርገው አስረው ሲተዉት ነው። አንድ ቀን ሁለት ቀን ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ማንም ሳይነካው ጭንቅላቱ ይቆረጣል።

በዲዋሊ ማግስት ደግሞ የባባ ቪሽዋካርማ ቀን ነው፤ የእጅ ባለሙያ ሁሉ አባት። ያን ዕለት በከተማው መዶሻ አይነሳም፣ ማሽን አይዞርም፣ ምድጃ አይለኮስም። መሣሪያ ሁሉ ታጥቦ፣ ግንባሩ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ ቢጫ አበባ ለብሶ ያርፋል። ስለዚህ ልብ ያለው ሠሪ ከበዓሉ በፊት መንከሪያውን ይዘጋል፤ ለመጋገር ጊዜ የሌለውን አይነክርም። ቪርዲ ግን ለሁሉም «አለሁልህ» ብሎ ስለነበር በዲዋሊ ምሽት፣ ሰው ርችት ሲተኩስ፣ የሰርዋንን ብሎኖች ነከረ። ከዚያ ማግስቱ የባባ ቀን ነውና ምድጃውን አጠፋ። ትሪውን ባባ ቪሽዋካርማ ሥዕል ፊት አስቀምጦ ጭንቅላታቸውን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ቀይ ቀባላቸው። በዓሉ ሲያልፍ አስረከበ።

ትርዒቱ የተከፈተ ዕለት ዥዋዥዌው እናቶችና ሕፃናት ጭኖ ሲዞር ዋለ። በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ሰው ሳይሳፈር፣ ሰርዋን ለፍተሻ ወደ ላይ ወጣ። የቆመበትን ክንድ የያዙት ብሎኖች ተከታትለው ተቆረጡ። ሕፃናቱ በመትረፋቸው አገሩ ሁሉ ፈጣሪን አመሰገነ፤ ሐርባንስ ግን ማመስገኑ እስከ ዛሬ አፏ ላይ አልመጣላትም።

ቪርዲ ለቅሶ ቤት መጣና ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ እንባውን በጠመጠመው ሻሽ ጫፍ ጠረገ። በሳምንቱ አደጋውን የሚያጣራው መርማሪ ፊት ቀርቦ «ብሎኔ በመሳቢያ ተፈትኖ ነው የወጣ። ልጁ ጠጥቶ ነበር። አፉ ይሸት ነበር። ከልክ በላይ ያጠበቀው እሱ ነው» አለ። መርማሪው ከቀሩት ብሎኖች አንዱን መሳቢያ ላይ አስጎተተው፤ ብሎኑም ጎበዝ ሆኖ ተገኘ። መዝገቡ ተዘጋ።

የሰርዋን የመሣሪያ ቦርሳ ቤት የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሐርባንስ ከፈተችው። መፍቻው፣ የጓንቱ ግማሽ፣ እና ከሥር ጥቂት ትርፍ ብሎኖች ነበሩ። ጭንቅላታቸው ላይ ቀይ የአውራ ጣት ምልክት አለ። እሷ ደግሞ ብረት የተማረች፣ ብረት ስትፈትሽ የምትውል ሴት ናት። በዋዜማው ገና ያልደረሰ፣ በባባ ቀን የተቀባ፣ በማግስቱ የተረከበ ብሎን ምድጃ የሚገባበት ሰዓት አልነበረውም። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ ገባት።

ሁለቱን ወፍራም ብረት ላይ ጠበቅ አድርጋ አስራ ማድ ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻቸው። አንድ ቀን ምስር ስትለቅም ከኋላዋ ጧ አለ፤ የብሎኑ ጭንቅላት ተስፈንጥሮ የወተት ማሰሮውን በሳው። እሷም ያንን ይዛ ወደ መርማሪው ሮጠች። መርማሪው ሻዩን እየነፋ «እህቴ፣ ከራስሽ ቦርሳ፣ በራስሽ እጅ፣ በራስሽ ማድ ቤት። ዳኛ ይስቅብኛል» አላት።

ይህን ሁሉ እንኳ ትችለው ነበር። ያልቻለችው ቤቷ ያለውን ነው። አማቷ ቢቢ ፕሪታም የቪርዲን ወሬ አምናለች። የሰርዋን አጎት በመጠጥ ስለሞተ ዘር ነው ብላ ተቀብላዋለች። ጆሮዋ ደክሟል፤ ሐርባንስ ምድጃ፣ አሲድ፣ ሃይድሮጅን እያለች ብትጮህላት ግማሹን አትሰማም፣ ግማሹን አታምንም።

«ተይው አንቺ ልጅ» ትላለች ቢቢ። «ሚስት ነሽ፣ ምን ትይ? እኔም እናቱ ነኝ፣ ምን ልበል? ጠጥቷል። አለቀ።»

«አልጠጣም ቢቢ!»

«ምን?»

«አልጠጣም ነው የምልሽ!»

«እሺ እሺ፣ አትጩኺብኝ፣ አልደነቆርኩም» ትላለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። የልጇን ስም ከጠራች ቆየች።

ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ አንድ ግድግዳ አለ። በሥራ ላይ እያሉ የሞቱ ባለሙያዎች ፎቶ ይሰቀልበታል፤ በባባ ቪሽዋካርማ ቀን ሁሉም እየቀረበ እጁን አጣምሮ ይሳለማቸዋል፣ አጠገባቸው ከቆመው ዘመድም ስምና አሟሟታቸውን ይጠይቃል። ሐርባንስ በየዓመቱ የሰርዋንን ፎቶ በጨርቅ ጠቅልላ ትሄዳለች፤ በየዓመቱም ይዛው ትመለሳለች። ታያ ኡጃጋር፣ መንገዱ ሁሉ ታላቅ አጎት ብሎ የሚጠራቸው የማኅበሩ ሽማግሌ፣ ጺማቸውን እየዳበሱ «ልጄ፣ ሰክሮ የሞተ እዚህ አይሰቀልም፤ ደንብ ነው። እኔ አላወጣሁትም» ይሏታል። ያንን ፎቶ እዚያ ግድግዳ ላይ ማየት፣ ቢቢም ቆማ እንድታየው ማድረግ፤ ሐርባንስ ከዚህ ዓለም የቀራት ፍላጎት ይኸው ነው። እና የቪርዲ ፊት ሲገረጣ ማየት። ይህን ሁለተኛውን ልደብቅላት አልፈልግም፤ እሷም አልደበቀችውም።

አሁን ሰውዬው ሊቀ መንበር ሆነ። አዲስ ሊቀ መንበር ደግሞ በበዓሉ ቀን በትልቅ ሚዛን ላይ ተቀምጦ በላዱ ይመዘናል። በአንዱ ሳህን እሱ፣ በሌላው ቢጫ የጣፋጭ ድቡልቡል፤ ሲተካከሉ ጣፋጩ ለሕዝብ ይታደላል። ቪርዲን የሚያህል ሥጋ የሚችል ሚዛን በጊል መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ የሰርዋን።

ታያ ኡጃጋር እያፈሩ በሯ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ እንዴት ብዬ እንደምጠይቅሽ…»

«ሚዛኑን ነው ታያ?»

«አዎ። እንግዲህ ሌላ ብንፈልግ፣ የእህል ገበያው ትንሽ ነው። ሰውዬውን አይችለውም፤ ታውቂው የለ፣ አምና ሶፋዬን ሰብሮብኛል።»

«ውሰዱት። ኪራይም አልቀበልም። የምሰቅለው ግን እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «ቂም የለሽም?»

«በበዓል ቀን ምን ቂም አለ ታያ» አለች። ስትዋሽ ዓይኗን አለመስበሯ እኔንም ያስገርመኛል።

መሣሪያ በበዓሉ ስለማይነካ ሚዛኑን ከሁለት ቀን በፊት ሰቀለችው። መሰላሉ ላይ ስትወጣ በአንድ ኪሷ የቀሩትን ባለ ቀይ ራስ ብሎኖች፣ በሌላው ደግሞ ሌሎች ብሎኖች ይዛ ነበር። መሰላሉ ጫፍ ላይ ረጅም ጊዜ ቆመች። ቀዮቹን አውጥታ እያገላበጠች አየቻቸው። ቪርዲ ሳህኑ ላይ ተቀምጦ፣ አበባ አንገቱ ላይ፣ ሆዱ ጭኑ ላይ፣ ከላይ ጧ ሲል ታያት። የሚዛኑ ብረት ሻሹ ላይ ሲወርድም ታያት። ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት። ከዚያ አንዱን ዓይነት መርጣ አሰረች፤ መፍቻውን ተንጠልጥላበት አጠበቀችው፤ ማሰሪያውንም በቢጫ አበባ ጠቅልላ ሸፈነችው። የትኛውን እንዳሰረች አሁን አልናገርም። ቪርዲም አላወቀም፣ እናንተም ታግሳችሁ አብራችሁት ቁሙ።

በዓሉ ደረሰ። ሐርባንስ ቢቢን በግድ አስነሥታ አዲሱን ሻሿን አለበሰቻት።

«ምን ልሠራ ነው የምሄደው? ሰው ሊያየኝ?»

«ላዱ ልትበዪ!» አለች ጆሮዋ ሥር።

«ላዱማ እወዳለሁ» አለች ቢቢና ጫማዋን ፈለገች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። የጊል መንገድ ብሎን ሠሪ አንድም የቀረ የለም፤ አባቶች ከልጆች ጋር፣ ሴቶች በቀኝ፣ ከሥዕሉ ፊት በአበባ የተሸፈኑ መዶሻዎችና መቁረጫዎች ተደርድረዋል። ጸሎቱ አለቀ። ቪርዲ ሮዝ ሻሽ ጠምጥሞ፣ እስከ ጆሮው አበባ ተደርድሮበት፣ ለሁሉም እጁን እያውለበለበ ወደ ሚዛኑ መጣ።

«ላዱው ይበቃል ወይ?» አለ አንዱ።

«ሌላ ጭነት ላኩ! ሰውዬው ቁርስ በልቷል!»

ቪርዲ ከሁሉም በላይ ሳቀ። የሚዛኑ ባለቤት የመጀመሪያውን ጣፋጭ ማጉረስ አለባትና ሐርባንስ ሰሐን ይዛ ቀረበች። ከላዱዎቹ መሃል አንድ ነገር ነበር፤ ራስ የሌለው ብሎን። ከዘንጉ አጠገብ የተቆረጠው ቀይ ራሱ ተቀምጧል።

ቪርዲ አየው። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ያወቁት መሰለኝ» አለች ቀስ ብላ። «ማድ ቤቴ ውስጥ ነው የተቆረጠው። ወንድሞቹ እላይ ናቸው፤ ሚዛኑን የያዙት። ከትናንት ወዲያ ነው ጠበቅ አድርጌ ያሰርኳቸው። ይቀመጡ።»

«ቀልድሽ አያምርም፣ ልጄ።»

«ቀልድ አይደለም። ይቀመጡ።»

ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። አበባ ብቻ ነው የሚታየው። ወደ ሳህኑ አንድ እግሩን አነሣ፤ መልሶ አወረደው።

«ምን ይጠብቃል?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

«ጉልበቴን…» አለ ቪርዲ። «ጉልበቴ ዛሬ ትንሽ…»

«ተራራ ውጣ አልተባልክ፣ ቁጭ በል ነው የተባልከው!»

ሰው ሳቀ። «ሙሽራዋ አፈረች!» አለ ሌላው። ቪርዲም ለመሳቅ ሞከረ፣ ግን ከንፈሩ ተጣበቀበት። ሐርባንስ ያን ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። እስከዚያ ቀን ድረስ ‹እርስዎ› ስትለው ነበር የኖረችው።

«ተቀመጥ እንጂ! ያንተው ብሎኖች ናቸው የያዙት። ከሰርዋን ቦርሳ የተረፉት። በመሳቢያ ተፈትነዋል ብለህ መርማሪው ፊት መስክረህላቸው የለ? ምን አስፈራህ?»

ሳቁ ቆመ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያለው ሁሉ ብሎን ሠሪ ነው፤ ማስረዳት አያስፈልግም። ታያ ኡጃጋር ከመቀመጫቸው ተነሥተው ምርኩዛቸውን እየመቱ መጡና ከሰሐኑ ላይ የተቆረጠውን ራስ አነሡ። ወደ ብርሃን አዙረው የተሰበረበትን ፊት አዩ፤ ቀዩንም በጣታቸው ፈተጉት።

«ጃግዲሽ» አሉ። «ይህ አልተለጠጠም። እንደ ስኳር ነው የተሰበረው። ምድጃ ገብቷል?»

«ታያ፣ የቆየ ነገር ነው። ቢሆን እንኳ እስካሁን ከብረቱ ወጥቶለታል፤ ይኼን ያህል ጊዜ…»

«ከወጣለት ተቀመጣ!» አለች ሐርባንስ።

አልተቀመጠም። ላብ ከሻሹ ሥር ወርዶ ጺሙ ውስጥ ገባ።

«ምድጃ ገብቷል ወይ ነው የምልህ» አሉ ሽማግሌው።

«የባባ ቀን ነበር እኮ!» ብሎ ጮኸ ቪርዲ። «በባባ ቀን ማን ምድጃ ይለኩሳል? እርስዎ ይለኩሳሉ? ባባ ፊት ነው ያሳደርኳቸው! ራሴ ነኝ የቀባኋቸው! ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

አፉን ዘጋ፤ ግን ወጥቷል። እንዲህ ነው ይህ ሰው፤ ሲሰርቅ እንኳ ጻድቅ ነኝ ብሎ ነው።

«በባባ ቀን ምድጃ አይለኮስም» አሉ ታያ ኡጃጋር። «ለዚህ ነው እኮ በዋዜማው የማንነክረው። አባትህ ሲያስተምርህ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ የሚያውቀውን! ሕፃናት ተጭነውበት ነበር፣ አንተ ሰው!»

«ጠጥቶ ነበር ያልከውስ?» አለች ሐርባንስ።

ቪርዲ ሚዛኑን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ በሩን አየ። በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ፈቀቅ አላሉለትም።

«አላውቅም» አለ።

«አፉ ይሸት ነበር አላልክም? አሸተትከው?»

«አላሸተትኩትም።»

«ጠጥቶ ነበር?»

«አልጠጣም» አለ ቪርዲ። በጣም ዝቅ ብሎ ነው ያለው። «አሁን አውርዱት ይኼን ነገር፤ ሰው ላይ ሳይወድቅ።»

ሐርባንስ ሰሐኑን ለታያ ኡጃጋር አስያዘችና ሻሿን አጥብቃ ሚዛኑ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ። አንዷ «ውረጂ፣ ልጅቷ አበደች!» አለች። ሐርባንስ ግን እግሯን አጣጥፋ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ጫኑ» አለች።

ታያ ኡጃጋር ለረጅም ጊዜ ዓይኖቿን አዩ። ከዚያ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ላዱውን በሁለት እጃቸው ሌላው ሳህን ላይ መጫን ጀመሩ። ሌሎቹም ተከተሉ። ጣፋጩ ተቆለለ፣ ሐርባንስ ቀስ እያለች ከመሬት ተነሣች፤ ተወዛወዘች፤ ተስተካከለች። ከላይ ምንም አልተሰማም። ልክ እንደ ልጅ ዥዋዥዌ አንድ ጊዜ ሰውነቷን ገፋ አድርጋ ተወዛወዘች።

«ለስላሳ ብረት ነው» አለች ቪርዲን እያየች። «ከጎረቤት ሱቅ የገዛሁት ተራ ብሎን፤ ዚንክም አልነካው። ያንተዎቹ ኪሴ ውስጥ ናቸው። ሕፃን ልጅ በሚሮጥበት አዳራሽ ያንተን ብሎን እሰቅላለሁ ብለህ አመንክ? አንተ ብትሆን ትሰቅለው ነበራ። ለዚህ ነው ያመንከው።»

በቪርዲ ልብ ውስጥ የሆነውን አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። ፊቱ ግን የዳቦ ሊጥ መስሎ ነበር፤ ሐርባንስም ፊቱን እስክትጠግብ አየችው። ሰው ስለ ይቅርታ ብዙ ያወራል። ያን ዕለት እሷ የበላችው ነገር ከላዱ ይጣፍጥ ነበር።

ወረደችና ፎቶውን ከጨርቁ ፈታች። ሰርዋን በእርጎ የረጠበ ጢሙን ይዞ ይስቃል። ለታያ ኡጃጋር ዘረጋችላቸው።

«አሁንስ ደንቡ ምን ይላል?»

ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ተቀብለው ግንባራቸው ላይ አስነኩት። ግድግዳውን ተመለከቱ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ።

«ሚስማር የለም» አሉ። «ዛሬ ደግሞ መዶሻ አይነሳም። የባባ ቀን ነው። ነገ ጠዋት ማልደን…»

«ነገ አይሆንም» አለች ሐርባንስ። «ቢቢ ዛሬ ነው የመጣችው።»

«እንግዲህ ልጄ፣ በምን እንስቀለው?»

ሐርባንስ ዞር ብላ ቪርዲን አየችው። ታያ ኡጃጋርም አዩት። ቀስ በቀስ አዳራሹ ሁሉ አየው።

«ይያዘው» አለች።

«ምን?» አለ ቪርዲ።

«ቀኑን በጣም ታከብራለህ አይደል? በባባ ቀን እሳት የማትለኩስ ሰው፣ መዶሻም አታነሣም። ያዘው። ጀንበር እስክትጠልቅ።»

ታያ ኡጃጋር ከቪርዲ አንገት ላይ የአበባ ጉንጉኖቹን አንድ በአንድ አወለቁና በፎቶው ላይ አደረጓቸው፤ ከዚያ ፎቶውን ደረቱ ላይ አስደገፉት። ክንዶቹ ሳይወዱ ታጠፉና ያዙት። ግድግዳው ጋ፣ በሁለት ሙታን ፎቶ መሃል፣ ባዶው ቦታ ላይ አቆሙት።

ሰው ተሰለፈ። እንደ ልማዱ እያንዳንዱ ከፎቶዎቹ ፊት ቆሞ እጁን ያጣምራል፣ ስምና አሟሟት ይጠይቃል፣ ያልፋል። ቪርዲ ጣራውን እያየ ቆመ። ክንዱ ሲዝል አንዱ ወንበር ሊያመጣለት ተነሣ፤ ታያ ኡጃጋር በምርኩዛቸው መንገዱን ዘጉበት።

ከሴቶቹ ወገን ቢቢ ፕሪታም በሐርባንስ ክንድ ተደግፋ መጣች። ጩኸቱ ሁሉ ምን እንደነበር አልሰማችም፤ ላዱ ሲጫን ብቻ ነው ያየችው። ፎቶው ፊት ስትደርስ ቆመች። መነጽሯን አውልቃ በሻሿ ጠረገችና መልሳ አደረገችው። ጣቷን ዘርግታ የልጇን ጢም በመስታወቱ ላይ ነካችው።

«ይህ የኔ ልጅ ነው» አለች። «ማን አመጣው እዚህ? ሰክሮ የሞተ አይሰቀልም ብለውኝ አልነበር?» ቀና ብላ ፎቶውን የያዘውን ሰው አየች። «አንተ፣ እንዴት ሞተ ይሉሃል?»

ቪርዲ ሐርባንስን አያት። ሐርባንስ ላዱ እያላመጠች ጠበቀች።

«በኔ ብሎን ነው፣ እናቴ» አለ። «ጠጥቶ አልነበረም።»

ቢቢ ጆሮዋን በእጇ ደግፋ ጠጋ አለች።

«ጮክ በል፣ ልጄ» አለች። «አይሰማኝም።»

ጮክ ብሎ ደገመው።